የተሞረዱት ዶቃዎች

ለማንም ያልነገርኩትን ከሰላምታዬ አስቀድማለሁ። ትልቋ ልጄ አሞት በተዳረች ሰሞን ሸሽታ መጥታ ነበር፤ በሩን ሳልከፍት መለስኳት። እርስዎስ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከረሙ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ለታናሿ ለአጁሉ እርስዎ ጥሎሽ ተቀብለው እኔ ዘንድ ያስቀመጡት ሰማያዊ ዶቃ አለ። አጁሉ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፐርሙቴሽን ስታጠና፣ ዕቃ በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚደረደር ማለት ነው፣ "በዚህ አሳዪኝ" ብዬ ክሩን በጠስኩት።

ሳቀችብኝ። "እማ፣ ሁሉም እኮ አንድ ዓይነት ናቸው። ብታቀያይሪያቸውም አደራደሩ ያው አንድ ነው። መለያየት አለባቸው።"

እኔም በሞረድ ለያየኋቸው፤ አንዱን ጎኑን፣ አንዱን ጫፉን እየፋቅሁ። አሁን ከመካከላቸው አራቱን በሃያ አራት መንገድ ትደረድራቸዋለች። የተሞረደ ዶቃ ጥሎሽ እንደማይሆን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ከአቦቦ የሚመጣው መንገድ ጭቃ ነው አሉ፤ ፈተናው እስኪያልቅ አይድከሙ። አጁሉም ሰሞኑን ቤት አታድርም።

ጌታ ጤና ይስጥዎ።

የወንድምዎ ሚስት አባንግ

ይድረስ፦ ለሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ለአቶ ኦጅዋክ
ግልባጭ፦ ዶቃውን ለሰጠው ሰውዬ