የእማዬ ድምፅ የነበረበት ዲስክ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? የወገብሽ ሕመም ቀለል አለሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ስታነሺ ይይዝሻል? አባባስ ዓይኑ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ቤቱ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካል ደኅና ነኝ። በሌላው ግን ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸታም ነኝ፤ ሰሞኑን ደግሞ ውሸት ሰልችቶኛል።

የላክሽው ዲስክ ደርሶኛል። በፎጣ፣ ከዚያ በፌስታል፣ ከዚያ ደግሞ በልጅ ሹራብ ጠቅልለሽው አንድ በአንድ ፈታሁት። በምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት የኋላ ክፍል ሦስት ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። ሳላንዛዛ ቁርጡን ልንገርሽ፦ እማዬን የቀዳንባቸው አርባ አንዱ ድምፅና ቪዲዮ ጠፍተዋል። አልቅሺ፤ ካለቀስሽ በኋላ ግን ቁጭ ብለሽ የቀረውን አንብቢልኝ።

በደብዳቤሽ «ያ እጁ የማያርፍ ባሌ ነው ያጠፋው» ብለሻል። አባባ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም እንዳለ፣ አንቺም ከልጆቹ ጋር ሌላ ክፍል መተኛት እንደጀመርሽ፣ እሱም ከእንጨት ሥራው ሲመለስ ብቻውን እንደሚበላ ጽፈሽልኛል። ጥፋቱ ምን ነበር? አባባ «ዓይኔስ ሄደ፣ እስቲ ድምፅዋን እንኳ አሰሙኝ» ሲል አዘነለት። ዲስኩ የተቆለፈበትን ሳጥን ከፍቶ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ኮምፒውተሩም ባዶ ነው አለው። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ የሰጠው ደግሞ ራሱ አባባ ነው! ገና ስትደውዪልኝ ልቤ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ባልሽ ሲኮነን ዝም ብዬ ሰማሁ።

ነገሩን ላስረዳሽ፤ እንደ ልማድሽ «ይህ ለእኔ አይገባኝም» ብለሽ እንዳትዘዪው። ይህ ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም። የተቀዳውን የሚይዘው በቢሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቋቶች ውስጥ ባጎረው ኢምንት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። በተጻፈበትና በተደመሰሰ ቁጥር የቋቶቹ ግድግዳ ይሳሳል፤ የሳሳው ደግሞ ቻርጁን ቀስ እያለ ያፈሳል። ለዚህ ነው ውስጡ አንዲት ተቆጣጣሪ ቺፕ ያለችው። ሥራው አንዱ ቋት ላይ ብቻ እንዳይበዛ እያዘዋወረች ታከፋፍላለች፣ የተበላሸውን ዘግታ በመጠባበቂያው ትተካለች፣ ስህተት ስታገኝ አስልታ ታርማለች፣ ሊደበዝዝ የደረሰውን ወደ ሌላ ቦታ ትገለብጣለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን ኤሌክትሪክ ስታገኝ ብቻ ነው። ተቆልፎበት የተቀመጠ ዲስክ ራሱን መጠበቅ አይችልም።

እኛስ ምን አደረግነው? አራት ዓመት እማዬ የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር፣ በዚያ ሙቀት! «ማንም እንዳይነካው፣ እንዳይሰካው» ብዬ እንደ ዳኛ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ከቀብሩ በኋላ ከየስልካችሁ ስሰበስብ «የእኔ ስልክ ላይ ያለው ለማንኛውም እዚያው ይቀመጥ» አላልሽኝም ነበር? ሳቅሁብሽ። «እኔ እያለሁ? ሙያዬ እኮ ነው!» ብዬ በገዛ እጄ ከስልክሽ ላይ አጠፋሁት። ቀኑን ሙሉ ደንበኛውን ሁሉ «ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ» እያልኩ ስመክር የምውል ሰው! ለሌላው ሲሆን አዋቂ ነኝ።

የባሰው ገና ነው። ያ ዲስክ አዲስ አልነበረም። ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ተነቅለው የሚመጡ፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ዲስኮች እዚህ በካርቶን ተከማችተው ይውላሉ። መርዶው ደርሶኝ ልሳፈር ስል ከዚያ ካርቶን አንዱን አነሳሁ። ስፈትሸው ከዕድሜው የቀረው ሦስት በመቶ ነው አለኝ። አየሁት፣ እታለም። አይቼ «አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ነገር ምን አለበት» አልኩ። አዲሱ እፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አለቃዬ መጥቶ እስኪፈርምልኝ መጠበቅ ታክቶኝ ነው የተውኩት። አዲስ ቢሆን ምናልባት አራቱን ዓመት ይችለው ነበር። ባልሽ ሲሰካው ግን ውስጡ የሚጠፋ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞ አልቋል።

ከአርባ አንዱ ያተረፍኩልሽ አስራ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ስትመርቀን እንዳይመስልሽ። ውሃ ሻጩን «ጎደሎ ነው! ሙላ! ሙላና ሂድ!» እያለች ስታፋጥጠው ነው፤ ከዚያ ይቋረጣል። በስልክሽ ልኬልሻለሁ። እባክሽ ሌላም ቦታ ገልብጪው፤ ይኸው አሁን ነው ብልጠቴ የመጣው።

ለትልቋ ልጅሽ ሰላም በይልኝ፣ ስለ ትምህርቷ ትጻፍልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳት። አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ምን እንደምለው ግን አላውቅም። ለባልሽ ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም። ይህን ደብዳቤ ለአባባ አንቺ እንዳታነቢለት። ለባልሽ ስጪውና እሱ ያንብብለት፤ ሁላችሁም ባላችሁበት፣ ጮክ ብሎ፣ አንድ መስመር ሳይዘል።

ወንድምሽ
ከጥገና ቤቱ የኋላ ክፍል
ኅዳር 9 ቀን