በማር የታሰረው መሐላ

ቡሬ፣ ጥር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? በዚህ ወር የሰከላ ብርድ እንደሚበረታ ስለማውቅ አሳብ ይዞኛል። እኛ ከሐዘናችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትናንት ስደውልልዎ ሌላ ነገር ልናገር ነበር፤ ድምፅዎን ስሰማ የበግ ዋጋ ጠይቄ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍሁልዎ።

አስቀድሜ ይቅርታዎን ልለምን። በእናቴ በሀብትነሽ ቀብር ዕለት፣ የገዛ እህቷ ሆነው ሳለ፣ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው እህል ሳይቀምሱ ሲሄዱ አይቼ ብግን አልሁ። ባዕድ እንኳ እንዲህ አያደርግም ብዬ በሰው ፊት አማሁዎት። ምን ላድርግ፣ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ምላሴ ያቃጥላል።

እሷ ግን እንዲህ አልነበረችም። ቅዳሜ ገበያ እርጥቡን በርበሬ ከደረቁ ሥር ሳትደብቅ ስንት ዓመት ሸጠች! ቤታችን የገባ እንግዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ያስነጥሳል፤ እሷም ይማርህ እያለች ትስቅበታለች። አባቴ ባምላኩ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዘመዶቹ መካን ናት ፍታት ቢሉት፣ እሷን ፈትቼ ከማን ጋር ልስቅ ነው ብሎ መለሳቸው አሉ። እኔም የጡት ልጃቸው መሆኔን አልደበቁኝም። ማር የተቀባ ጣቷን ጠብቼ ልጇ እንደሆንሁ ራሷ ነግራኛለች። የወለደችሽ ግን ሞታለች ነበር ያለችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የነፍስ አባታችን አባ ቴዎፍሎስ መጡና ለብቻዬ አስቀመጡኝ። እናቴ ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት አስጠርታቸው፣ ከቀብሬ በኋላ ንገሩልኝ ብላ ያለችውን ቃል በቃል ነገሩኝ፦

«በቁሜ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ፍቅሯን እህቴ ትወስድብኛለች ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን የእህቴን አደራ ይዤ አፈር አልገባም። ያንን የማር ዕለት ያስማልኋትን መሐላ ፍቱልን።»

አባም የዚያኑ ዕለት ጸሎት አድርሰው ፈትተዋችኋል። በቀብሩ ቀን ሊነግሩዎ ቢፈልጉዎት እርስዎ ሄደዋል። ለካ እዚያ ጥግ ሲቀመጡ ከመሐላው ነፃ ነበሩ፤ የሚነግርዎት ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

የተረፈውን አልጽፈውም። ወረቀት አፍዎን ሊቀድም አይገባም። አንድ ነገር ግን ገባኝ። በጎጃም ምድር ገበያተኛው፣ ቄሱ፣ የመኪናው ረዳት ሳይቀር «ልጄ» ብሎኛል፤ እርስዎ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስሜ ብቻ ጠሩኝ። በየዓመቱ ከግሽ ዓባይ ጠበል ተሸክመው መጥተው፣ አንድ ሌሊት አድረው፣ ጠጉሬን ሠርተውልኝ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ኩሩ ናት እል ነበር።

በእናቴም በእርስዎም አልተቀየምሁም። ፍርሃቷን አውቀዋለሁ፤ እኔም ልጆች አሉኝ። እህት ለእህቷ ምን ያህል መስጠት እንደምትችል ሳስብ ተንበርክኬ ተመስገን አልሁ። ሌላው አንዲት እናት አጥቶ ሲቸገር፣ እኔ ተርፎኝ ኖሯል።

አርባዋ የካቲት 3 እሑድ ነው። በዋዜማው ባለቤቴ ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ይጠብቅዎታል። ከጎኔ ቦታ ይዤልዎታለሁ። ይህች ማን ናት የሚል ለቀስተኛ ቢመጣ መልሱ የእርስዎ ነው። አክስቷ ነኝ ቢሉም አክስቴ ናት እላለሁ፤ አላስጨንቅዎትም። ብቻ እባክዎ፣ ጥግ አይቀመጡብኝ።

እስከዚያው ግዮን የሚፈልቅበትን ምድር የባረከ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ መንገድዎን ያቅናልዎ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

የሁለታችሁ ልጅ፣
ፀደንያ