የሚሳኤል ሰዓት ዋጋ

ይህ ጽሑፍ ካለህበት ይድረስህ፣ ወንድሜ አምሐ።

እንደምን ከረምክ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ከምጽዋ ጀምሮ የሚመላለስብህ የጆሮ ሕመምስ ተወህ? ምግብ ይበላልሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለወግ ያህል ያነሳሁት መስሎህ እንዳታልፈው፤ መልሱን እፈልገዋለሁ። እኛ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ በዚህ ሰሞን ናፍቆትህ ብዙም አላስቸገረኝም። እማዬ ጉልበቷ ከገና ወዲህ ተሽሏት ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። እኔ ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ ሰባ ስምንት ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆልኝ ጉሮሮዬ እስኪሻክር አስተምራለሁ። ነፋስ ስልክ እንደምታውቃት ናት፤ አቧራው አቧራ ነው፣ ጠዋት ታክሲ ለመያዝም ክርን ያስፈልጋል።

ከጅቡቲ ጭነት በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ የላክኸው ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ በጥምቀት ማግሥት ደርሶናል። አየር የሚቆጥረውን የጠላቂ ኮምፒውተር መግዛት ያዋጣል፣ ወይስ በድሮው ባለ ቀስት መለኪያ ልቀጥል ብለህ እንድንመክርበት ጠይቀህ ነበር። መክረንበታል። መልሱን ግን የተገኘበትን መንገድ ሳትሰማ አታገኘውም። ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንዳንዱን የረሳኸው ይመስለኛል።

ሚሳኤልን ወደዚህ ቤት ያመጣኸው አንተ ነህ። ባሕር ኃይል ሲበተን አብራችሁ ጅቡቲ ገባችሁ፤ አብራችሁም ወደቡ ላይ ውሃ ውስጥ እየጠለቃችሁ ከመርከብ ሆድ ዛጎልና አረም የምትፍቁ ሠራተኞች ሆናችሁ። ጴንጤ ስለሆነ እማዬ በጾም ቀን ምን ላብላው እያለች ስትጨነቅ፣ ሽሮ ካለ ሃይማኖት አይለየንም ብሎ ያሳቃት ሰው ነው። አምና ለፋሲካ ስትመጡ ያን ሰዓት ክንዱ ላይ አስሮ ነበር። የጠላቂ ኮምፒውተሩን ሰዓት የምለው እኛ እንዲያ ስለምንለው ነው፤ ትልቅ ጥቁር ሰዓት ይመስላል። የስድስት ወር ደመወዙን አጠራቅሞ እንደገዛውና ሲጮህ ሥራውን ጥሎ እንደሚወጣ ለእማዬ ሲያስረዳት፣ አንተ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆነህ «የዕቃ ባሪያ» አልከው። ፈሪ ሰው ትንፋሹን በገንዘብ ያስቆጥራል አልክ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ እሱን አልክድም።

ኅዳር ላይ ከውሃ ሳይወጣ ቀረ የተባለ ጊዜ፣ ሚስቱን ዓለሚቱን ያረዳናት እኔና የቸርቿ ሰዎች ነን። መካኒሳ ቤቷ በር ላይ ጎህ ሲቀድ ተደርድረን ስታየን፣ አንድ ቃል ሳንናገር ልጇን ኦሊያድን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ስምንት ወሩ ነበር። ከእጇ እንዳይወድቅባት ነው ያስቀመጠችው፤ ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። በሳምንቱ ሻንጣው መጣ። ሁለት ሸሚዝ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አስከሬኑ ሲወጣ ከክንዱ የተፈታው ሰዓት። በዚያው ሰሞን በሰፈሯ ሱቅ ስልክ ደወልክላት። እንደዘጋች ያልካትን ነገረችኝ፤ ሰዓቱ ዋሽቶታል፣ አየሩ አልቆ ሳለ አለህ እያለ አታሎታል ብለሃታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃውን አልጋ ሥር ወርውራ ስትረግመው ኖረች። ሁለት ወር ሙሉ ፕላስቲክ ስትረግም።

ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ለእማዬ ደውለህ፣ የሚሳኤልን ሰዓት ልትገዛ እንዳሰብክና ዝርዝሩ ተጽፎ እንደሚመጣ ነገርካት። እሷም ጊዜ አላጠፋችም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዓለሚቱን ከነሰዓቷ ጠራቻት፤ ጋሽ በንቲንም አስጠራች። ምጽዋ ላይ መጥለቅ ያስተማሩህ ጋሽ በንቲ አሁን መካኒሳ ጎሚስታ ቤት ከፍተው ጎማ ይነፋሉ። ከአየር አልተላቀቅኩም ይላሉ።

መነጽራቸውን አድርገው ሰዓቱን እያገላበጡ አዩትና ደግ ዕቃ ነው አሉ። የገባህበትን ጥልቀት፣ የቆየህበትን ጊዜ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር ያሳያል፤ እንደ አተነፋፈስህም አስልቶ ስንት ደቂቃ እንደቀረህ ይነግርሃል። ሊያልቅብህ ሲል ይጮኻል፤ ይህንንም ሁሉ ውስጡ ባለው ማስታወሻ መዝግቦ ያስቀምጣል። ቀስቱ የሚነግርህን ነው የሚነግርህ፤ ልዩነቱ ቀስቱ ካላየኸው ዝም ይላል። ባትሪው ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይሞታልና ቀስቱንም መጣል የለበትም አሉ። የአዲሱን ዋጋ ጠየቅናቸው። ሰባት መቶ ዶላር በየቀኑ ለሚጠልቅ ሰው አይበዛም፣ ለልጄ ቢሆን እገዛለት ነበር አሉ። ከዚያ ዓለሚቱን ይቅርታ ጠይቀው፣ ይህኛው ዋሽቶ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም እንዳትነኩት ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስለዚህ ምክሩ ሁሉ ሰዓቱ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም የሚለው ላይ ቆመ።

ያኔ እማዬ ደብዳቤውን ከሥዕለ ማርያም ሥር አንስታ ሰጠችኝ። ታውቃታለህ፤ ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ ለብቻዬ ከከፈትኩ መርዶ የደበቅኩባት ይመስላታል። የወንድሟን ሞት ስምንት ወር ከደበቅናት ወዲህ፣ በዚህ ቤት ደብዳቤ የሚከፈተው በሰው ፊት ነው፤ የሚነበበውም ጮክ ተብሎ፣ ከሰላምታው እስከ ቀኑ ነው። አንተም በዚህ ቤት ነው ያደግከው። እያወቅህ ያን ሦስተኛ ገጽ መጻፍህ እስካሁን ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታና የአዲሱ ሰዓት ዋጋ ስለሆነ በደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ፣ አዲስ ከምገዛ የሚሳኤልን ግዢልኝ፤ ባሏን የገደለው እየመሰላት ስለምትጠላው ሦስት መቶ ብር ብታሳዪያት ትለቅልሻለች፤ ጨከን ብለሽ ተከራከሪ የሚል አለ። ሃያ ዓመት ለልጆች ሳነብ ስለኖርኩ ዓይኔ ከአፌ አንድ መስመር ይቀድማል። አየሁትና ዋጥኩት። ማንም ሳያውቅብኝ ወደ ሦስተኛው ገጽ ተሻገርኩ።

የጻፍከውን መልሼ ልጻፍልህ፤ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ እየው። «ሰዓቱስ አልዋሸም። ሻንጣው ውስጥ ከመክተቴ በፊት ማስታወሻውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። በአርባ አንደኛው ደቂቃ ጮኋል። ሚሳኤል መጥቶ ክንዱን አሳይቶኛል። ያን ጎን ለመጨረስ ጥቂት ቀርቶን ስለነበር፣ ጣቴን ወደ መርከቡ ቀስሬ ጨርስ አልኩት። የዕቃ ባሪያ እያልኩ ስለምስቅበት አፍሮ ተመለሰ። ስለዚህ ዕቃው የሚታመን መሆኑን በዚህ እወቂ።» ከዚያ ከገጹ ግርጌ፣ ይህን ለዓለሚቱ እንዳታነቢላት የሚል ማሳሰቢያ አለ። ከግርጌ።

ማሳሰቢያህን ዘግይቼ አየሁት ብዬ ግን አላመካኝም። ከአፌ ሳይወጣ የሚመጣውን አውቄያለሁ። ሁለተኛውን ገጽ መዝለል የቻልኩ ሰው ሦስተኛውን መዝለል አያቅተኝም። አልዘለልኩም። ይቺ ልጅ የምትረግመውን ትወቅ አልኩና፣ ለክፍል ልጆቼ እንደማነበው አጥርቼ፣ አራት ነጥብ ላይ እየቆምኩ አነበብኩላት። ጭካኔ ነው ካልከኝ አዎ ነው። ያኔ ግን ሰባት መቶ ዶላሩን ወደ ሦስት መቶ ብር ከሚያወርደው ከአንተ ውሸት ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተናገረችው እማዬ ናት። «እሰይ፤ ታዲያ ሰዓቱ ደህና ነው ማለት ነዋ» አለች።

በእመብርሃን እምልልሃለሁ፣ እንዲህ ነው ያለችው። ዓለሚቱ ፊት፣ ኦሊያድ ጭኗ ላይ ተኝቶ። ክፉ ሆና አይደለም። ከዚያ ሁሉ ንባብ ውስጥ የሰማችው ለልጇ የሚሆን የማይዋሽ ዕቃ መገኘቱን ብቻ ነው። እናትህ ናት፤ እኔም ልጇ ነኝ፤ ያን ቀን ግን መሬት ተከፍቶ ቢውጠን በወደድኩ።

ዓለሚቱ አላለቀሰችም። ስለ ክንዱ የሚለውን ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ዕቃው የሚነቃው እርጥበት ሲነካው ስለሆነ፣ ጋሽ በንቲ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ከሰዓቱ ጎን ያሉትን ብረቶች ነኩና ማስታወሻውን አወጡ። ከጮኸበት እስካለቀበት ስንት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሰባት ደቂቃ ነው አሉ። በሰባት ደቂቃ ሰው ከመርከብ ሥር ይወጣል ወይ አለች። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ያስወጣል» አሏት። ከዚያ ወዲያ ስምህን አላነሱም።

እማዬ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ዓለሚቱ ፊት ቆመች። ግን ምን ብላ ትለምን፤ ይቅርታ ልትል ጀመረችና መሐል ላይ ዋጋ ወደ መጥራት ገባች። አምስት መቶ አለች፣ ሺህ አለች፣ የጆሮ ወርቄን አለች። ልጄ ነገም ይጠልቃል፣ ከነገ ወዲያም ይጠልቃል፣ በቀስት ብቻ አትተዪብኝ አለች። እጇን ይዤ ላስቀምጣት ብሞክር ገፈተረችኝ። ዓለሚቱ ልጇን አንስታ ታቅፋው ነበር። «እማማ፣ አልሸጠውም። ይውሰደው» አለች። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

እስከ ታክሲ መያዣው ተከትዬ ለመንኳት። እንድትቀንስልን አይደለም፤ እንዳትሰጥህ ነው። ሽንት ቤት ጨምሪው፣ ለኦሊያድ መጫወቻ ይሁን፣ ለእሱ ግን አይገባውም አልኳት። የእናትህ ልጅ እንዲህ ማለቴን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማው። አልሰማችኝም፤ ታክሲ ውስጥ ገብታ ሄደች።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ ላልከው መልሱ ይኸውልህ። ጋሽ በንቲ ያዋጣል ብለዋል። እማዬ የቤቱን ቆርቆሮ ሸጬም ቢሆን ትላለች። እኔ ለሌላ ጠላቂ ያዋጣል፣ ለአንተ ግን አያዋጣም ባይ ነኝ። የዚህ ዕቃ ጥቅሙ ሁሉ መጮኹ ነው። አንተ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሲያሳይህ ጣት የቀሰርክ ሰው ነህ። ሚሳኤልን የገደለው ሰዓቱ አይደለም፤ አጠገቡ አንተ መኖርህ ነው። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ብዕሬን አንስቼ ነበር። ተውኩት።

ሰዓቱ በነጻ መጣልኝ ብለህም እንዳትደሰት። ለሐና ማርያሙ የቤት ቦታህ መሠረት ማውጫ ብለህ በእኔ ስም ካስቀመጥከው ገንዘብ ላይ የአዲስ ሰዓት ሙሉ ዋጋ አውጥቼ በኦሊያድ ስም ባንክ አስገብቻለሁ። አላማከርኩህም። ቦታው ላይ ዘንድሮም ሣር ይብቀል።

ሰዓቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሾፌሩ ያደርስልሃል። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች። ሾፌሩ እስኪመጣ ሰዓቱን ትራሷ ሥር ነበር የምታሳድረው፤ ጠበልም ረጭታበታለች፤ ውሃ አይጎዳውም ብዬ ዝም አልኳት። ጋሽ በንቲ ሰላም በይው አላሉኝም፤ ባትሪው ገና አልደከመም፣ ቀስቱን ግን አብሮ ይዞ ይግባ ብለዋል። ኦሊያድ ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል። እኔ ጠላትህ አይደለሁም፤ የምጠላህ ቢሆን ኖሮ ሦስት ገጽ ሙሉ እጄን አላደክምም ነበር።

ዓለሚቱም ሰላምታ አልላከችም። ትናንት ሄጄ ደብዳቤውን ልዘጋው ነው፣ የምትጨምሪው አለ ብላት፣ ሰዓቱን ለምን እንደሰጠችህ እንድጽፍልህ አዘዘችኝ። «ሲጮህ ይውጣ። መጥቶ እግሬ ላይ የሚወድቀው በሕይወት ካለ ነው» ብላለች። ብትመጣ ይቅር ትልህ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልለውም አለችኝ። እሱንም ጻፊለት አለችኝ።

እህትህ ውብነሽ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ጥር 24 ቀን 1989 ዓ.ም.