አያቷን የሰረዝኩበት ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2002

ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ጧት በእግር እስከ ለገሃር ሄጄ ተመለስኩ። ጉልበቴ አጉረመረመ። ምሳ፣ ሽሮ። ከምሳ በኋላ ሁለት ቀሚስ ተኮስኩ።

ረውዳ አንኳኳች። የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው የመሐመድአሚን ልጅ። ትንሽ ሳለች ደረጃዬ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። አሁን የማስተርስ ተማሪ ናት። ባዮሎጂ… የእኔው ትምህርት።

"ቲቸር፣ አላስቸገርኩዎትም?"

"አስቸግረሽ ስታበቂ ነው የምትጠይቂው? ግቢ።"

ውጭ አገር የአራት ዓመት የዶክትሬት የምርምር ስኮላርሺፕ ልትወዳደር ነው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሠራች፣ ምን ልትመራመር እንዳሰበች። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 22። ዘንድሮ ካልተሳካላት ሱቁን ልትይዝ ለአባቷ ቃል ገብታለች።

"እንግሊዝኛዬን ሰው እንዲያይልኝ ነው። በቃ፣ ከእርስዎ ሌላ ማንን አምናለሁ?"

አስቀምጪው አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 26

አነበብኩት። አርቲክል የለ። ያለፈውና የሚመጣው ጊዜ ተደበላልቋል። ኮማው እንደ ጤፍ ተበትኗል። እኛን በውጭ አገር አስተማሪዎቻችን፣ በእነዚያ ሚሶች ጊዜ ቢሆን ለዚህ ጣታችንን በማስመሪያ…

ግን።

አያቷ ስልጤ ገጠር እንሰት ከመቁረጧ በፊት ቢላዋዋን እሳት ላይ ታሳልፍ ነበር። ለምን ሲሏት "ቢላዋም ይታመማል" ትላለች። የመንደሩ እንሰት ጠውልጎ ሲያልቅ የእሷ ቆሞ ቀረ። ልጅቷ አደገችና ይህንኑ ላቦራቶሪ አስገባችው። ሁለት ዓመት። መብራት ጠፍቶ ናሙናዋ በሙሉ ሲበላሽባት ከዜሮ ጀመረች። እንሰቱን የሚያጠወልገውን ተሕዋስ ለመግደል ስንት ሰከንድ እሳት እንደሚበቃ ለይታ አወቀች። "ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ" ብላ ጽፋለች። እንዲሁ፣ ሳታፍር።

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛው ለእርማት ነበር። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ሳላነሳ አንብቤ ጨረስኩት።

ምን ሆኜ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 28

ከአልጋ ሥር ሣጥኑን ሳብኩ። በተማሪነቴ የሰበሰብኳቸው ዕፅዋት እዚያው አሉ። በጋዜጣ መካከል ደርቀው፣ ስማቸው በእጅ ጽሑፍ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የቀሩት አርባ ቢሆኑ ነው። ሌላውን አይጥ በላው።

1962። ለውጭ ትምህርት ቃለ መጠይቅ የቀረብነው ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ቦታው ለአንዳችን። ሙሉመቤትና እኔ። በውጤት አንደኛዋ እኔ፣ ሁለተኛዋ እሷ። በር ላይ ቆመን ኮሌታዬን አቃናችልኝ። "ትሕትናሽን እንዳትረሺ። ነጮች ትሕትና ይወዳሉ።" ደግ ልጅ።

ስገባ ጠያቂው ሰውዬ ከመነጽሩ በላይ አየኝና "ምን ሠርተሻል?" አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

"ብዙ የሠራሁት የለም። መምህራኖቼ ባዘዙኝ መሠረት ዕፅዋት ሰብስበናል።"

ሰብስበናል! ከእኔ ሌላ ማን ነበር እንጦጦ ላይ ጭቃ ያቦካ?

ሙሉመቤት ሄደች። ዶክተር ሆና ተመለሰች። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። አልቆጨኝም። ሥራ ነው። አልቆጨኝም ስል ግን እጄ ለምን ክዳኑን እንዲያ አጋጨው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 2

መለስኩላት። ሁለቱም ገጽ ቀይ በቀይ።

"ውይ ቲቸር! ይሄ እርማት ነው ወይስ የትራፊክ አደጋ?"

አልሳቅኩም። አስረዳኋት። አንደኛ፣ አርቲክል። ሁለተኛ፣ ጊዜ። ሦስተኛ፣ ሰው ራሱን አያመሰግንም። "አገኘሁ" የሚለው በሙሉ "ተገኝቷል" ይሁን። አራተኛ፣ አያት።

"አያቴን ሰረዟት?"

"ሳይንስ ውስጥ አያት ምን ትሠራለች?"

"አይ… ማለቴ፣ አድቫይዘሬ ይሄን ቦታ ወዶት ነበር።"

"ታዲያ እሱ ለምን አላረመልሽም?"

ወረቀቱን አገላበጠች። ቀጥላ "እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ" አለች። እዚያው የእኔ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ እንዳልኳት አስተካከለች። በአሮጌው ላይ ሴቭ አደረገችው። ቀዩን ወረቀት እኔ አስቀረሁት። የተማሪ ወረቀት ማስቀመጥ የቆየ ልማዴ ነው።

ጽሑፉ አሁን ንጹሕ ነው። አንድ ስሕተት የለበትም።

እርስዎ ያውቃሉ… አዎ፣ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ጥሩ ሥራ ሠርቼ እንደ ጥፋተኛ በመስኮት ተደብቄ የማየው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከካዛንቺስ እስከ ደምበል በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ዓይኔ እያለቀሰ ካፌው ደረስኩ። ሙሉመቤት በስልክ ጠርታኝ ነው። በዓመት አንዴ ትጠራኛለች። ማኪያቶ ትጋብዘኝና ወሎ ሰፈር ስላሠራችው ቤት ትነግረኛለች።

ዘንድሮ ግን ወሬው እንዳያልቅ ብዬ ስለ ረውዳ ነገርኳት። ቢላዋው፣ አያቷ፣ "አገኘሁ" ማለቷ፣ ሁሉንም ከጽሑፏ እንዳወጣሁባት።

ሳቀች። ትከሻዋ እስኪናወጥ።

"ነጮች ትሕትና ይወዳሉ አልሻት?"

"እንዲያ አላልኳትም።"

"እኔ ብዬሻለሁ እኮ! ትዝ ይልሻል? አንቺ ደግሞ አመንሽኝ! ወይኔ ፍሬ… ስትወጪ ፊትሽን አይቼ ሆዴ ተረጋጋ። ከዚያ እኔ ገባሁና እንደ ፎካሪ ለፈፍኩላቸው።"

"አውቀሽ ነው?"

"ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ አንደኛዋ ደግሞ አንቺ። ምን ላድርግ? ጠጪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

አርባ ዓመት ደግ ልጅ ስላት ኖርኩ። ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። ጠጥቼ ጨረስኩት። አመሰገንኳት ጭምር።

በመንገዱ ሁሉ እሷን ስሰድብ ቆየሁ። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ የምሰድበው ሰው ተለወጠብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ረውዳን በር ላይ አገኘኋት። "ደኅና ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ ቲቸር።" ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስለ ውኃው አወራሁ።

ይሳካላት? የእኔ ሳይሳካ?

ይህን ጻፍኩት እንግዲህ። አልሰርዘውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ዓረፋ። መሐመድአሚን በነጭ ጀለቢያው መጣ። እንደ ወትሮው የእኔን ጾም አስቦ ቴምርና ብርቱካን ይዞልኝ።

"እትዬ ፍረወይኒ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።"

"እንኳን አደረሰህ።"

ተቀመጠ። ቴምሩን አጣጣመ፣ ለራሱ ያመጣው ይመስል። አንድ ነገር ሊል እንደሆነ ገባኝ።

"ያን ወረቀት ረውዳ በአማርኛ ተርጉማ አነበበችልኝ። የበፊቱንም አንብባልኝ ነበር።"

"እና?"

"እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ትምህርት አላውቅም። የበፊቱን ስታነብ እናቴ ቢላዋዋን ይዛ እዚህ የተቀመጠች መሰለኝ። የአሁኑን ስሰማ 'ይሄ የማን ልጅ ነው?' አልኳት።" ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። "መልሺው ብላት 'ቲቸር ቅር ይላቸዋል፣ እሳቸው የማያውቁት የለም' አለች። እኔም ሱቁን ትያዝልኝ ብዬ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካልተሳካላት የምጠቀመው እኔ ነኝ። ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም።"

ተነሣ። "የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነው፣ እትዬ።"

ቴምሩ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዱንም አልነካሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 20

ቀዩን ወረቀት አወጣሁ። ከሰረዝኩት ሥር የእሷ ቃል ይነበባል። አርቲክሉንና ጊዜውን ብቻ እያቃናሁ በእጄ ገለበጥኩት። አያቷን መለስኩ። ቢላዋውን መለስኩ። "ያገኘሁት እኔ ነኝ" የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሻይ አፈላሁ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ከእንጦጦ ትከብዳለች።

ጻፍኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

ጽዮን። ከቤተ ክርስቲያን በነጠላዬ ቀጥታ ወደ ካዛንቺሱ ኢንተርኔት ቤት። ረውዳ እዚያ ናት ብሎኛል መሐመድአሚን። ጥግ ላይ ተቀምጣ ቅጹን ስትሞላ ደረስኩ። ጎረምሶቹ ኳስ ጨዋታ እያዩ ይጮኻሉ።

"ቲቸር! እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ልከሽዋል?"

"አሁን ልልከው ነበር፣ ኔትወርኩ ተጨናንቋል እንጂ።"

ኔትወርኩን ባረክኩት። የገለበጥኩትን ወረቀት ፊቷ አስቀመጥኩ። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

"አያቴ…"

"መልሰሽ አስገቢያት። ያኛው አይላክም።"

"ተሳስቻለሁ እያሉኝ ነው?" ዓይኗ ውስጥ ሳቅ ነበር። በልጅነቷ የእኔን ስሕተት ካገኘሽ ከረሜላ እሰጥሻለሁ ያልኳት ትዝ ብሏት መሰለኝ።

ቀላሉ መልስ አዎ ማለት ነበር። አዎ፣ ተሳስቻለሁ። አሮጊት ትሳሳታለች።

"አልተሳሳትኩም" አልኳት። "ቀንቼብሽ ነው።"

ሳቁ ጠፋ። ጎረምሶቹ ጎል ብለው ጮኹ። እሷ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ቀረች።

"በእኔ? ማለቴ… በምኔ ቲቸር?"

ነገርኳት። 1962ን፣ ዕፅዋቱን፣ "ሰብስበናል" ማለቴን። ስጨርስ የወረቀቱን ጠርዝ አጠፈችና ዘረጋችው።

"እኔ እኮ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ" አለች በመጨረሻ። "አልችልበትም ብዬ። እንዲያውም እንኳን ሱቁ አለ ብዬ ነበር።"

ይቅር በይኝ አልኩ። ሰው ፊት ይህን ቃል ካልኩ ስንት ዓመቴ ነው?

ይቅር አልኩዎት አላለችም። ወንበር ስባ "ያንብቡልኝ፣ እኔ ልተይብ" አለች። እኔ አነበብኩ፣ እሷ ተየበች። መሃል ላይ "ይቺ ኮማ ትውጣ" ስላት "ኮማዋን ይተዉልኝ፣ እወዳታለሁ" አለችኝ። ተውኩላት። ስሕተት ነበረች።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ረውዳ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መጣች። ተቀበሏት። መስከረም ትሄዳለች። መሐመድአሚን ሱቁን ዘግቶ ግቢው መሃል ቆሟል፤ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ዓይኑን ይጠርጋል።

አቀፍኳት። ቅናቱም መጣ፣ አልዋሽም። እንደ ድሮ ጎረቤት ሳያንኳኳ ገባ። ይግባ። እንኳን ደስ ያለሽ ስል ግን ድምፄ አልተሰነጠቀም።

ልትወጣ ስትል ዞር አለች። "ቲቸር፣ ያ የ1962ቱ ሰውዬ ዛሬ ቢጠይቅዎት ምን ይሉታል?"

ሂጂ፣ አባትሽ ይጠብቅሻል አልኳት።

ከሄደች በኋላ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። የቀሩትን ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ሰባት። አቧራቸውን ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የገባ ሁሉ የሚያያቸው ቦታ።

ምን ሠርተሻል?

አንድ ክረምት ሙሉ እንጦጦን በእግሬ ወጥቼ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዕፅዋት ሰበሰብኩ። አደረቅኳቸው። እያንዳንዱን በስሙ ለየሁት። ያዘዘኝ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። የአንዲትን ልጅ ወረቀት አውቄ አበላሸሁ። መልሼ አቃናሁት።

እኔ ነኝ።