ልጄ ሰበረችው ስለተባለው የእቶን አምላክ ድንጋይ

ለሊንጓን ወረዳ የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊ አቶ ጉ
ግልባጭ፦ ለምክትል ኃላፊ አቶ ሹዌ፣ ማንበብ ከፈለጉ

ቀን፦ ኖቬምበር 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ልጄ ባልሰበረችው ድንጋይ ዓርብ ለፖሊስ ተላልፋ እንዳትሰጥ ስለመጠየቅ

አመልካች ሚያው ዴፉ እባላለሁ። የእቶን በር መንደር ነዋሪ ነኝ፤ በጡብ ፋብሪካው ጡብ ወደ እቶን እጭናለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ልጄ ሚያው ሹዪን አንድ ናት። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ ሌላ ልጅ እንደሌለኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

1. በእቶን አምላክ ቤተ መቅደስ ግቢ የቆመውን ድንጋይ የጥንት ሸክላ ሠሪዎቻችን ጽሑፍ አስቀርጸውበት አቆሙት። ከላይኛው መስመር አንድ ፊደል፣ ከታችኛው አንድ ፊደል ከድሮ ጀምሮ ተቦርቡሮ ወድቋል። ይህን የማያውቅ የመንደራችን ሰው የለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ጽሕፈት እንዲቀናው ጣቱን በቀዳዳው ይከታል። እኔን አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶ የላይኛውን አስነክቶኛል። ይቀዘቅዝ ነበር፤ ጣቴ እስከ ጥፍሩ ድረስ ገባ። ለልጄ ይህን ማድረግ አልቻልኩም። ጽሕፈት ቤታችሁ በብረት ፍርግርግ አጠረው፤ እሷም እናቷ ዘንድ ከተማ አደገች።

2. ሴፕቴምበር ላይ አቶ ሹዌ ወረቀትና ቀለም ይዘው መጡ። እርጥብ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ለጥፎ፣ ከላይ ቀለም በነካ ጨርቅ እየመቱ ጽሑፉን ማንሳት የቆየ ሙያ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ዘበኛውን ወደ ቤቱ ሰደዱት፣ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።

3. ከዚያ ወዲህ ከወረቀቶቹ አንዱ በወረዳው እንግዳ ማረፊያ ምግብ ቤት፣ ለጌጥ ከተቀመጠ ጥንታዊ አረንጓዴ የሸክላ ሳህን ጎን ተሰቅሏል። ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ናቸው። አቶ ሹዌ ለእንግዶች «ድንጋዩ ሳይሰበር አያቴ ያነሱት ነው» ይላሉ። ሳይሰበር የተነሳ ወረቀት ስንት እንደሚያስከብር ክቡርነትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

እንግዲህ ለእንግዳ ሲያወሩ ድንጋዩ የተሰበረው ከአያታቸው በኋላ ነው። ዓርብ ለፖሊስ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በልጄ እጅ ነው። አንዱን ይምረጡ።

4. ኦክቶበር ላይ በቤተ መቅደሱ በዓል የሰፈራችን እትዬ ፓን በፍርግርጉ አጮልቀው አይተው «ምነው፣ ይሄ ድንጋይ በስተርጅናው ጥርስ አበቀለ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ዝም ባልል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

5. ልጄ ከበዓሉ በኋላ በግቢው አስጎብኚነት ተቀጠረች። ቀዳዳ እንደነበረ የነገራት የለም፤ እኔም አልነገርኳት። ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች ስለሚመጡ ድንጋዩ ላይ የቀረው ቀለም ይታጠብ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ብርዱ እርጥቡን ብሩሽ አደደረባት። ከራሷ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ላይኛው መስመር ላይ አፈሰሰች። ጥቁር ነገር ወደቀ። የድንጋይ ስባሪ መሰላት። በመሐረብ ጠቅልላ፣ እያለቀሰች፣ ራሷ ቢሯችሁ ድረስ አመጣችው። እናንተም «ሰብሬያለሁ» ብላ እንድትፈርም አደረጋችሁ። ድንጋይ አውዳሚ ስባሪውን በመሐረብ ይዞ ይመጣል?

6. እኔ ስመጣ አቶ ሹዌ ኮሪደር ላይ፣ ጸሐፊዎቹ እየሰሙ «ጋሽ ሚያው፣ እርስዎ ጡብዎን ይጫኑ፤ የድንጋይ ነገር ለተማረ ይተዉ» አሉኝ። መሐረቧ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቴ አሽቼ አይቼው ነበርና «ጌታዬ፣ የወደቀው እኮ በድንጋይ ዱቄት የተለወሰ ሰም ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ሻማ አድርገው ያብሩት» አሉ። ተሳቀብኝ። ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ሰሙን ማን እንደሞላው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። የፍርግርጉ ቁልፍ ግን አንድ ነው፣ በማን ኪስ እንዳለም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) የታችኛውን ፊደል ልጄ አላጠበችውም። ዛሬም ሙሉ ነው። ድንጋይ ሥጋ አይደለም፣ ቁስሉ አይሽርም። ፍርግርጉ ተከፍቶ፣ እትዬ ፓንና የመንደሩ ሰው ቆሞ እያየ ሙቅ ውሃ ይፍሰስበት። ውሃውን እኔ አመጣለሁ።

ለ) ይህ ሳይደረግ የልጄ ስም ፖሊስ ጋ እንዳይሄድ።

ሐ) መንደራችን ድረስ መምጣት ከከበዳችሁ ከወንበርዎም ሳይነሱ ይቻላል። «የድንጋይ ስባሪ» ተብሎ የታሸገው ነገር አቶ ሹዌ መሳቢያ ውስጥ አለ። የእርስዎ ባለክዳን የሻይ ብርጭቆ ደግሞ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ ጸሐፊዎ ቀኑን ሙሉ የፈላ ውሃ ይጨምሩበታል። ስባሪውን እዚያ ይክተቱት። ድንጋይ ከሆነ ሥሩ ይቀመጣል፤ ዓርብ ጠዋት ልጄን በገዛ እጄ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እቀርባለሁ። ከቀለጠ ግን ሻዩን አይድፉት። ለአቶ ሹዌ ያቅርቡላቸው።

ሰላም ባጣም፣ ከሰላምታ ጋር

ሚያው ዴፉ
የሚያው ሹዪን አባት
(ፊርማና የአውራ ጣት አሻራ)