የውሃ መቋሚያ

ሰኞ፣ የካቲት 2

መንሳፈፊያ ነው ብዬ ያነሣሁት ሰደርያ የመንገድ ሠራተኛ ልብስ ሆኖ ተገኘ። ብርቱካናማ ነው፣ ያንጸባርቃል፣ ውስጡ ግን ባዶ ጨርቅ። ባለሱቁ “ውሃ ላይም ይሠራል” አለኝ። አዎ፣ ሬሳ ፈልጎ ለማግኘት ይሠራል አልኩት። ባልለው ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ቅዳሜ ጣና ላይ ጀልባ ይሳፈራሉ። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩበትን ደሴት ሳያዩ መሞት አይፈልጉም። ዓቢይ ጾም ሳይገባ እሑድን እዚያ ማስቀደስ አለባቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዋና አያውቁም። የደሴቱ ገዳም ለሴትም ስለሚፈቀድ እኔ እመራቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት የቆሎ ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ከጀልባ ወድቀው ሞቱ። ጋቢያቸው ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይዟቸው ሄደ አሉ። ከዚያ ወዲህ ቆርጫለሁ፤ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አባቴ ጀልባ አይረግጡም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አራት ሱቅ ጠየቅሁ። የለም። የለም። የሕፃን አለ። የለም። ነገ ቡሬ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሳልባጅ ተራ ክምሩን ስገለብጥ ዋልኩ። አገኘሁ!

የመጀመሪያው ጃኬት አያምርም አይባልም፤ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀለም አያታልለኝም። ክሩን ፀሐይ ጨርሶታል፤ ሳብ ሳደርገው ተተረተረ። ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ሌላው ስፌቱ ድርብ ነው፣ ማሰሪያው ሦስት፣ ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ይገጥማል፣ ፊሽካ እንኳ ተንጠልጥሎበታል። ከዚሁ ዓይነት መካከለኛና ትልቅ ነበር። ትልቁን ወሰድኩ። የአባቴን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ካባቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ ሁለት ስህተት ሠራሁ።

አንደኛው። አባቴና እኔ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ወጣን፤ ክብደታችን በአንድ ኪሎ ብቻ ይለያያል። ስለዚህ እኔው ልሞክረው ብዬ ከጎረቤቴ ከየሺ ጋር ላህ ወንዝ ወረድን። የሺ ገመዱን ያዘች። ውሃው በሚጠልቅበት እግሬን አነሣሁ። ጃኬቱ ተንሳፈፈ፣ እኔ ቀረሁ! ጆሮዬ ድረስ ሽቅብ ወጣ፣ ውሃ ጠጣሁ። የሺ ጎትታ አወጣችኝና ስቃ ልትሞት።

አባቴ ካባቸውን የሚደርቡት ከጋቢ በላይ ነው። በቃሌ የማውቀው ልክ የሰውነታቸው አይደለም፣ ከነጋቢያቸው ነው። በጀልባ ላይ ደግሞ ጋቢው ነው ዋናው ጠላቴ። ሰው መለካት ሥራዬ ነው እያልኩ ስኩራራ አባቴን ላሰጥማቸው ነበር።

ሁለተኛው። ርሼ ስገባ አባቴ “ምንድን ነው የያዝሽው?” አሉኝ። “ነፍስ አድን ጃኬት” አልኳቸው። ለቅኔ መምህር!

“ነፍስ የሚያድን አንድ ነው። እሱ ደግሞ ሳልባጅ ተራ አይሸጥም። ይህን ስም ለብሼ የመምህሬ መቃብር ፊት አልቆምም።”

ሐሙስ፣ የካቲት 5

እንደገና ቡሬ። ነጋዴው የረጠበ አልቀበልም አለ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲሰለቸው ቀየረልኝ። ከሰዓት በኋላ መካከለኛውን ለብሼ ላህ ገባሁ፤ አገጬ ከውሃ በላይ። እጄን አንሥቼ የሺ ትከሻውን ወደ ላይ ብትስበው ንቅንቅ አላለም።

አሁን የቀሩት አባቴ ናቸው።

“አባየ፣ ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያ ይይዛሉ። መቋሚያው ነው የሚያጸድቅዎ?”

“ኧረ ወዲያ፣ እሱ መደገፊያ ነው።”

“ይኸም መደገፊያ ነው።”

ጃኬቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ቃል እያገላበጡ ነው። “እንግዲያው የውሃ መቋሚያ በይው። ነፍስ አድን የሚለውን ለሻጩ መልሽለት” አሉኝ። እየሣቅሁ እጃቸውን ሳምኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

መንገዱ ክፍት ነው፣ ተመስገን። በሊበን አድርገን ጣና ዳር ቁንዝላ ገባን። አቧራ፣ የወገብ ሕመም። አባቴ ሐይቁን ሲያዩ ነጠላቸውን አጣፉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አልሄድንም።

ጀልባው የሚወጣው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ጋቢያቸውን በላስቲክ ጠቀለልኩ። ጃኬቱን አለበስኳቸው፣ ሦስቱንም ዘለበት ገጠምኩ። ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ ቀድሜ ጀልባው ላይ ወጣሁና እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙኝም።

“ያንቺስ?”

“ለእኔ አላገኘሁም” አልኩ። ውሸት። አልፈለግሁም። አምስት ቀን ሙሉ፣ እኔ ራሴ ሁለቴ ውሃ ገብቼ፣ ለራሴ የሚል ሐሳብ አንዴም አልመጣልኝም።

“ብትወድቂ እኔ ተንሳፍፌ ላይሽ ነው?”

ቅዳሴው ያመልጥዎታል አልኳቸው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ቅዳሴ ሌላ ቀን አለ” አሉ። በዕድሜዬ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ጀልባው ሄደ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ጃኬቱን ሳያወልቁ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል።

ጀልባ ነጂው ሳይሄድ ነገ ጠዋት ሌላ ጃኬት ፈልጎ እንደሚያመጣ ነግሮናል። በሜትሬ ደረቴንና ወገቤን ለክቼ በወረቀት ሰጥቼዋለሁ። ሃያ ዓመት ሰው ስለካ የራሴን ልክ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ያገኝ ይሆን? አላውቅም። ክሩ የላላ ከሆነ እመልሰዋለሁ። እሑድም ሰኞም ቢሆን እዚሁ ነን።