ከሁለት አንድ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ስታይ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?» እንደምትል አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

አባዬ እጅና እግሩ አልታዘዝ ብሎት በራሱ ጊዜ መወራጨት ሲጀምር፣ ሐኪሙ ሁለታችንን አስቀምጦ ያለንን ታስታውሳለህ? «ይሄ በሽታ በዘር ይተላለፋል። ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው።» እኛ ደግሞ ሁለት ነን! አንተ እንደ ልማድህ ቀለድክ፤ «በይ እንግዲህ፣ ዕጣ እናውጣ» አልከኝ። ሳቅን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይ አንተ ወይ እኔ እያልኩ ነበር የምኖረው።

ፀጉር ቤትህ ውስጥ ምላጩ ከእጅህ አምልጦ የደንበኛህ ጆሮ የደማ ዕለት፣ ጎንህ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ተነስቼ ፎጣ ይዤ ሮጥኩ። «ምንም አይደል፣ ደክሞህ ነው» አልኩህ። በሆዴ ምን እንዳልኩ ልንገርህ? «ተመስገን፣ እኔ ተረፍኩ» ነው ያልኩት። አፈር ልብላልህ! ፀጉር ቤቱን ዘግተህ ስትሄድም አትሂድ አላልኩህም። አገባሁ፣ ወለድኩ። ያንተ መታመም ለእኔ የጤና ማረጋገጫ ወረቀት ሆኖልኝ ነበር።

ባለፈው ወር መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። መነጽር ነው የሚያስፈልገኝ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በሳምንቱ ጣቴ ሳላዘው ብድግ ብሎ የስፌት መኪናው መርፌ ወጋኝ። ክሊኒክ ሄጄ ለነርሷ «ወንድሜ ወስዶታል፣ እኔ እንኳ ነፃ ነኝ» ብላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እንዴ የኔ እህት! ይሄ እኮ የውርስ ቤት አይደለም፣ አንዱ ከወሰደው ለሌላው አይተርፍም የሚባለው።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ማንም ሰው ይሄን በሽታ የሚያመጣውን ጂን፣ የዘር ቅንጣት ማለት ነው፣ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወስዳል፤ ደህናም የተበላሸም ሊሆን ይችላል። አባዬ አንድ ደህና፣ አንድ የተበላሸ ነበረው። የተበላሸው አሸናፊ ነው፤ ደህናው አጠገቡ ቢኖርም አያስጥልም። አባዬ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ነው የሚወሰነው። «አስር ብትሆኑም ለእያንዳንዳችሁ ያው ከሁለት አንድ ነው። ሁለታችሁም ልትተርፉ፣ ሁለታችሁም ልትያዙ ትችላላችሁ» አለችኝ። አየህ፣ አንተ በመታመምህ እኔን ከምንም አላዳንከኝም። ደስታዬ በባዶ ነበር።

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ማክሰኞ መጣ። ይዞኛል።

ለራሴስ እሺ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ውኃ ስትቀዳ አያታለሁ፣ ጫማዋን ስታስር አያታለሁ። ትናንት የቤት ሥራዋን ስትጽፍ ትንሿ ጣቷ ነዘር ያለች መሰለኝና እጇን ለቀም አደረግኩት።

«እማዬ፣ እጄ ምን ሆነ?»

«ምንም» አልኳት፤ ድምፄ ግን አሳበቀብኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ከዚህ ነገር ጋር እንዴት ነው የሚኖረው? ያኔ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። መጻፍ ካቃተህ ሰው አስጽፍልኝ፤ ዝም ካልክ እሁድ ራሴ እመጣለሁ፣ በሩን ብትዘጋብኝም ደጁ ላይ እቀመጣለሁ።

ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ሳያት እጆቿን ኪሷ ትከታለች።

ታናሽህ